ምስክሩ ኪዩብ፦ በክር የተጠናከረና በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት እንዴት ይፈተናል?



በየአህጉረ ስብከቱ ስንዘዋወር ከሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች የሚቀርቡልን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ስለ ገንዘብ ናቸው። «ሲሚንቶ ስንት ገባ? ፌሮው ስንት ይፈጃል? የጎደለውን ከየት እናምጣ?» ይሉናል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ «የሞላነው ኮንክሪት የተባለውን ያህል ጠንካራ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብሎ የሚጠይቀን ኮሚቴ ጥቂት ነው። ይህ ትምህርታዊ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ሲሆን፣ በተለይም ፌሮ በተጠጋጋባቸው ዐምዶችና የጉልላት ቀለበቶች ላይ መሐንዲሶች ሊያቀርቡላችሁ ስለሚችሉት አንድ የኮንክሪት ዓይነት ያስረዳል። እርሱም በራሱ ክብደት ፈስሶ የሚጠቀጠቅና በውስጡ ክር ማለትም ፋይበር የተቀላቀለበት ኮንክሪት ነው።

ከአንድ አጥቢያ የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገጠር አጥቢያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ነበር። ምእመናኑ ከመኸሩም ከከብቱም ከስእለቱም እያዋጡ መሠረቱን አወጡ፤ ዐምዶቹንም አቆሙ። ታቦቱ በመቃኞ ውስጥ ስለ ነበር ለሚቀጥለው የንግሥ በዓል ወደ አዲሱ መቅደስ እንዲገባ ትልቁም ትንሹም ይጓጓ ነበር። እኛ ለጉብኝት በደረስንበት ቀን የ28ኛው ቀን የላቦራቶሪ ውጤት በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። የኪዩቦቹ ጥንካሬ ከተጠየቀው በላይ ነበር። እኛም ደስ ብሎን በጉብኝት መዝገቡ ላይ «መልካም ነው» ብለን ፈረምን።

በማግሥቱ የቢሞቹ ካሳፎርማ ሲነሣ ግን፣ ዐምዱና ቢሙ በሚገናኙበት፣ ፌሮውም እጅግ በተጠጋጋበት ቦታ ኮንክሪቱ እንደ ንብ ቀፎ ተቦርቡሮ ተገኘ። ጠጠሩ ያለ ማያያዣ ቀርቷል፤ ፌሮውም በዓይን ይታያል። የሠራተኞቹ አለቃ «ልስን ይሸፍነዋል» አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነ አንድ የቀን ሠራተኛ ግን ቀስ ብሎ ወደ እኛ ቀረበና፣ ኪዩቦቹ የተሞሉት ወደ ዐምዱ ከገባው ኮንክሪት ሳይሆን ጠዋት ለብቻው ሲሚንቶ ተጨምሮበት ከተቦካ ቅልቅል መሆኑን ነገረን።

እንግዲህ የላቦራቶሪው ወረቀት አልዋሸም። የተላኩለት ኪዩቦች በእርግጥም ጠንካራ ነበሩ። ነገር ግን የመሰከሩት ስላላዩት ነገር ነበር። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ከዐምዶቹ ላይ ናሙና ተቆፍሮ እንዲወጣ አዘዘ፤ ውጤቱም ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሆነ። ቢሞቹ ተደግፈው ሁለት ዐምዶች ፈረሱና እንደ ገና ተሠሩ። የንግሡ በዓልም በመቃኞው ተከበረ። የመጀመሪያው ስሕተት የሠራተኞቹ አለቃ ቢሆንም ሁለተኛው የእኛ ነበር፤ ኪዩቡ ከየት እንደ ተሞላ ሳንጠይቅ ፈርመናልና። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ያ ፊርማ ስላስተማረን ነው።

ኮንክሪትን የሚያደክሙት ሁለት ነገሮች

ኮንክሪት ከሲሚንቶ፣ ከውኃ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ይሠራል። ከውጭ ሲታይ ደካማውም ጠንካራውም አንድ ይመስላል። የሚያደክሙት ነገሮች ብዙ ቢሆኑም በሥራ ቦታ አዘውትረን የምናያቸው ሁለቱ የውኃ መብዛትና ውስጡ የሚቀር ክፍተት ናቸው።

ስለ ውኃው በመጀመሪያ እንናገር። አሜሪካዊው ደፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ጥናት የኮንክሪት ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው በውኃውና በሲሚንቶው ንጽጽር መሆኑን አሳየ። በሥራ ላይ ባሉ የቅልቅል ሠንጠረዦች መሠረት፣ 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 24 ሊትር ውኃ ሲገባ የሚጠበቀው ጥንካሬ ወደ 34 ሜጋ ፓስካል ይጠጋል። ለዚያው ከረጢት 34 ሊትር ውኃ ቢገባ ግን ጥንካሬው ወደ 21 ሜጋ ፓስካል ይወርዳል። ልዩነቱ 10 ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ጀሪካን ውኃ ነው። ሠራተኛው «ደረቀብኝ፣ አልፈስ አለኝ» ብሎ የሚጨምራት ግማሽ ጀሪካን ከሕንፃው ጥንካሬ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ይዛ ትሄዳለች ማለት ነው። በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበትም ውኃ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ዝናብ ያደረበት አሸዋ ሲገባ የሚጨመረው ውኃ በዚያው መጠን መቀነስ አለበት።

ሁለተኛው ክፍተት ነው። በኮንክሪት ውስጥ የሚቀር 1 በመቶ የአየር ክፍተት ጥንካሬውን 5 በመቶ ያህል እንደሚቀንሰው በሙያው የታወቀ ነው። ቫይብሬተር የምንጠቀመው ይህን አየር ለማስወጣት ነው። ነገር ግን ፌሮው በተጠጋጋበት ቦታ የቫይብሬተሩ ጫፍ አይገባም። በኃይል ቢገባም ፌሮውን ያናጋል። ይህ ችግር በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ለምንገኝ ሰዎች ይበልጥ ያሳስበናል። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመውና እስከ አዲስ አበባ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዳስታወሰን፣ ሕንፃ በሚናወጥበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ዐምድና ቢም የሚገናኙበት ቦታ ነው። መሐንዲሱ በዚያ ቦታ ፌሮ የሚያበዛውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ኮንክሪት በደንብ እንዲሞላ እጅግ የሚፈለግበት ቦታ፣ ለመሙላት እጅግ የሚያስቸግረው ቦታ ሆነ።

በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት

ይህን ችግር ጃፓናውያን ቀድመው አጥንተውታል። በሀገራቸው የሠለጠኑ የግንባታ ሠራተኞች ቁጥር እየቀነሰ በመሄዱና በደንብ ያልተጠቀጠቁ ሕንፃዎች ቶሎ በመጎዳታቸው ምክንያት፣ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሐጂሜ ኦካሙራ እ.ኤ.አ. በ1986 ያለ ቫይብሬተር በራሱ ክብደት የሚሞላ ኮንክሪት እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። የመጀመሪያው ቅልቅል እ.ኤ.አ. በ1988 ተሳካ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተከፈተው በታላቁ የአካሺ ካይክዮ ድልድይ መልሕቅ ግንባታ ላይም ይኸው ኮንክሪት ሥራ ላይ ውሎ፣ የመልሕቆቹን የሥራ ጊዜ ከሁለት ዓመት ተኩል ወደ ሁለት ዓመት እንዳሳጠረ ተመዝግቧል።

አንዳንዶች ይህን ኮንክሪት ውኃ የበዛበት ኮንክሪት ይመስላቸዋል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። የሚፈስሰው በውኃ ብዛት ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ የደቀቀው ነገር፣ ማለትም ሲሚንቶውና ከእርሱ ጋር የሚገባው የድንጋይ ዱቄት ወይም ሌላ ደቃቅ ማዕድን ይበዛል። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ380 እስከ 600 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጠጠሩ ይቀንሳል፤ መጠኑም ያንሳል። ብዙውን ጊዜ ከ20 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሦስተኛ፣ ሲሚንቶውን የሚበታትን ፈሳሽ ኬሚካል ይገባል። አጥሚት ስናፈላ ዱቄቱ ጓል እንደሚሠራ ሁሉ የሲሚንቶ ቅንጣቶችም በውኃ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ኬሚካሉ ያንን ጓል ይፈታዋል፤ ስለዚህ ውኃ ሳይጨመር ቅልቅሉ ይፈስሳል። የደቀቀው ነገር መብዛቱ ደግሞ ጠጠሩ ወደ ታች እንዳይዘቅጥ ይደግፈዋል።

ክሩ ምን ይጠቅማል?

ክርን ከማያያዣ ጋር መቀላቀል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የቤት ጭቃ ሲያቦኩ የጤፍ ጭድ የሚጨምሩት ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 እስራኤል በግብፅ ጡብ ሲሠሩ ገለባ ይፈለግባቸው እንደ ነበር እናነባለን። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ግንቦች ውስጥ በድንጋዩ መካከል ተጋድመው የምናያቸው እንጨቶችም ግድግዳውን እርስ በርሱ ያስሩታል። ድንጋይም፣ ጭቃም፣ ኮንክሪትም ሲጫኗቸው ይችላሉ፤ ሲስቧቸው ግን ይሰነጠቃሉ። የተለመደው ኮንክሪት መሳብን የሚችለው መጫንን ከሚችለው ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው።

ዛሬ በኮንክሪት ውስጥ የሚገቡት ክሮች ብዙውን ጊዜ ከብረት ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው። የብረቱ ክር በኮንክሪቱ ይዘት 0.5 በመቶ ቢገባ በአንድ ሜትር ኩብ 39 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀጭኑ የፖሊፕሮፒሊን ክር 0.1 በመቶ ቢገባ 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። ቀጭኑ ክር ኮንክሪቱ ገና ሳይጠነክር በፀሐይና በነፋስ የሚመጣውን ስንጥቅ ይቀንሳል። የብረቱ ክር ደግሞ ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለቱን ወገን ይዞ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያደርጋል።

በዚህ ቦታ ሁለት ነገሮችን በጥብቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ክር ኮንክሪቱ ጭነት የመሸከም ጥንካሬውን ብዙ አይጨምርለትም፤ የሚጠቅመው ለስንጥቅና ለድንገተኛ ስብራት ነው። ሁለተኛ፣ ክር ስለ ገባ ፌሮ ይቀነስ ማለት አይደለም። መሐንዲሱ አስልቶ በፊርማው ካላዘዘ በቀር ከፌሮው አንዲት ዘንግ እንኳ አትቀነስም።

በእርጥቡ የሚደረግ ፈተና፦ ለሥራ ተስማሚነት

የተለመደው ኮንክሪት የሚፈተነው በስላምፕ ነው። ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ የታች አፉ 200፣ የላይ አፉ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ቆርቆሮ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱም ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ከዚያም ቆርቆሮው ሲነሣ ኮንክሪቱ ስንት ዝቅ እንዳለ ይለካል። በራሱ የሚጠቀጠቀው ኮንክሪት ግን ዝቅ ብሎ አይቆምም፣ ይዘረጋል። ስለዚህ አራት ነገሮች ይታዩለታል።

1ኛ. ስፋቱ። ያው ሾጣጣ ቆርቆሮ በረጠበ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ሳይወጋ በአንድ ጊዜ ይሞላና ወደ ላይ ይነሣል። ኮንክሪቱ ተዘርግቶ ሲቆም በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። በአውሮፓ መመሪያ መሠረት ከ550 እስከ 650 ሚሊ ሜትር የተዘረጋው ፌሮ ላልበዛባቸው ሥራዎች፣ ከ660 እስከ 750 የተዘረጋው ለዐምድና ለግድግዳ፣ ከ760 እስከ 850 የተዘረጋው ፌሮ እጅግ ለተጠጋጋባቸው ቦታዎች ይመደባል። ስፋቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ጠርዙን ተመልከቱ። በዙሪያው የውኃ ቀለበት ከታየ፣ ወይም ጠጠሩ መካከል ላይ ተከምሮ ከቀረ፣ ቅልቅሉ ተለያይቷል ማለት ነውና አይወሰድም።

2ኛ. ፍጥነቱ። በሰሌዳው ላይ 500 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስቀድሞ ይሣላል። ቆርቆሮው ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ኮንክሪቱ ክቡን እስኪነካ ያለው ጊዜ በሰከንድ ይለካል። 2 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀጭን፣ ከ2 ሰከንድ በላይ ከሆነ ወፍራም ይባላል። ሁለቱም በየቦታቸው ይፈለጋሉ፤ ቀጭኑ ግን የመለያየት አደጋው ይበልጣል።

3ኛ. በፌሮ መካከል ማለፉ። ለዚህ የኤል ቅርጽ ያለው ሳጥን አለ። ቋሚው ክፍል በኮንክሪት ይሞላና መዝጊያው ሲከፈት ኮንክሪቱ በቋሚ ፌሮዎች መካከል አልፎ ወደ አግዳሚው ክፍል ይፈስሳል። በአግዳሚው መጨረሻ ያለው ከፍታ በመጀመሪያው ላይ ካለው ከፍታ ጋር ሲነጻጸር ከ0.80 ማነስ የለበትም። በሣጥኑ ውስጥ ሦስት ፌሮ ሲኖር በመካከላቸው ያለው ክፍተት 41 ሚሊ ሜትር ነው። ክር የገባበት ኮንክሪት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ በፌሮው ላይ እየተጋደመ ጠጠሩን ያግዳልና። ስለዚህ ሕንፃችን ላይ ያለው ፌሮ ምን ያህል እንደ ተጠጋጋ ሳይታወቅ የክሩ ርዝመት አይመረጥም።

4ኛ. አለመለያየቱ። 10 ሊትር ያህል ኮንክሪት በባልዲ ለ15 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ላዩ፣ 5 ኪሎ ግራም ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ላይ ይፈስሳል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ በወንፊቱ ያለፈው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ጥብቅ በሆነ ሥራ ደግሞ ከ15 በመቶ።

ስፋትና ክር እርስ በርሳቸው እንደሚገፋፉ ማወቅ ያሻል። ክሩ በጨመረ ቁጥር ስፋቱ ይቀንሳል። ክሩ በአንድ ጊዜ ከተጣለ ደግሞ እንደ ኳስ እየተጠቀለለ ጓል ይሆናል፤ ስለዚህ ሚክሰሩ እየዞረ ቀስ በቀስ ይበተናል። ስፋቱ ሲያንስ ሠራተኛው ውኃ ለመጨመር ይፈተናል። መልሱ ግን ውኃ አይደለም። የክሩን መጠን ወይም ርዝመት መቀነስ፣ የደቀቀውን ነገር መጨመር ወይም የኬሚካሉን መጠን በመሐንዲሱ ትእዛዝ ማስተካከል ነው። ይህም የሚደረገው በሙከራ ቅልቅል፣ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት እንጂ ካሳፎርማው ተዘጋጅቶ ሠራተኛ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ቀን አይደለም።

በደረቁ የሚደረግ ፈተና፦ ጥንካሬ

ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ሦስት ዓይነት ፈተና ይደረግለታል።

የመጀመሪያው የኪዩብ ፈተና ነው። ጎኑ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪዩብ በመጫኛ ማሽን ተጨፍልቆ የሚሰበርበት ጭነት ይነበባል። የኪዩቡ ፊት 22,500 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። በሀገራችን በተለመደው አጠራር «ሲ-25» የተባለ ኮንክሪት በ28ኛው ቀን 25 ሜጋ ፓስካል ይጠበቅበታል፤ 25 በ22,500 ሲባዛ 562,500 ኒውተን፣ ማለትም 57 ቶን ያህል ይሆናል። አንድ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ኪዩብ ይህን ሳይሸከም ከተሰበረ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አለ ማለት ነው። የ7ኛው ቀን ውጤት በተለመደው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ከ28ኛው ቀን ውጤት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። በፖዞላና ሲሚንቶ ግን ጥንካሬው ዘግይቶ ስለሚመጣ በ7ኛው ቀን ማነሱ ብቻውን አያስደነግጥም። በራሱ የሚጠቀጠቀው ኮንክሪት ወደ ኪዩብ ሻጋታ ሲገባ አይወጋም፣ አይንቀጠቀጥም፤ በሕንፃው ላይ እንደሚሆነው በራሱ መሙላት አለበት።

ሁለተኛው የመሰንጠቅ ፈተና ነው። ስፋቱ 150፣ ርዝመቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ እንደ ግንድ ያለ ናሙና በጎኑ ተጋድሞ ይጫናል። የጭነቱ እጥፍ በፓይ፣ በስፋቱና በርዝመቱ ብዜት ሲካፈል መሳብን የመቻል ጥንካሬው ይገኛል። ለምሳሌ በ200,000 ኒውተን ቢሰነጠቅ ውጤቱ 2.8 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የክሩ ጥቅም በዚህ ፈተና መታየት ይጀምራል፤ ክር የሌለው ናሙና ለሁለት ተከፍሎ ሲወድቅ ክር ያለው ግን ተሰንጥቆም ተያይዞ ይቆያል።

ሦስተኛው የመተጣጠፍ ፈተና ነው። ጎኑ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ቢም 450 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ተጋድሞ ከላይ በሁለት ነጥብ ይጫናል። በ30,000 ኒውተን ቢሰበር ጥንካሬው 4 ሜጋ ፓስካል ነው። በዚህ ፈተና ከቁጥሩ ይልቅ አሰባበሩ ብዙ ያስተምራል። ክር የሌለው ቢም ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። በቂ የብረት ክር ያለው ግን ከተሰነጠቀም በኋላ ጎንበስ እያለ ጭነት ይሸከማል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በበዓል ቀን ስንት ሕዝብ እንደሚቆም የምናውቅ እኛ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደ ሆነ እንረዳለን።

ሕንፃው ላይ ጥርጣሬ ሲነሣ ደግሞ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የሽሚት መዶሻ ነው፤ የኮንክሪቱን ገጽ መትቶ በሚመለስበት መጠን ጥንካሬውን ይገምታል። ግምት እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ሁለተኛው ከሕንፃው ላይ ናሙና ቆፍሮ በማሽን መጨፍለቅ ነው። ውድና አድካሚ ቢሆንም የዐምዱን እውነት የሚናገረው እርሱ ነው።

መቼ እንምረጠው?

ይህ ኮንክሪት ከተለመደው ይልቅ ውድ ነው፤ ለስሕተትም ስሱ ነው። በሳጥን እየተሰፈረ በአካፋ ለሚቦካ ሥራ አይሆንም። አሸዋና ጠጠር በሚዛን የሚመዘንበት፣ የአሸዋው እርጥበት የሚለካበት፣ ላቦራቶሪ የሚደረስበት ቦታ ይፈልጋል። ካሳፎርማውም ሊጠነክርና ሊደፈን ይገባዋል። እንደ ውኃ ስለሚገፋ፣ 3 ሜትር ቁመት ባለው ዐምድ ግርጌ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ እስከ 7 ቶን የሚደርስ ግፊት ሊያሳርፍ ይችላል። በቀጭን ሚስማር የተያዘ ጣውላ ይህን አይችልም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ለመሠረት፣ ለወለልና ለተራ ቢም በደንብ የተቀላቀለና የተጠቀጠቀ የተለመደ ኮንክሪት ይበቃል። ቫይብሬተር ለማይገባባቸው መጋጠሚያዎች፣ ለጉልላት ቀለበትና ለቀጫጭን ቅስቶች ግን መሐንዲሱ ካዘዘው ወጪውን ብቻ አይታችሁ አትከልክሉ፤ ዐምድ አፍርሶ መሥራት ከዚያ ይበልጥ ያስወጣልና።

የኮሚቴው ድርሻ

ኮሚቴው መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን የሚከተሉትን ሳያይ ፊርማውን አያኑር።

አንደኛ፣ ኪዩብ የሚሞላው ወደ ሕንፃው ከሚገባው ኮንክሪት፣ በሥራው መካከል፣ ኮሚቴው ከወከለው ሰው ፊት ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱና የተሞላበት የዐምድ ቁጥር በኪዩቡ ላይም በመዝገቡም ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከሚክሰሩ ከወጣ በኋላ ውኃ አይጨመር፤ የሚጨምር ከታየ ሥራው ይቁም። ሦስተኛ፣ የሙከራ ቅልቅሉ ውጤት በወረቀት ሳይደርስ ዋናው ሙሊት አይጀመር። አራተኛ፣ ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ በፖዞላና ሲሚንቶ ከተሠራ ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ይጠጣ። አምስተኛ፣ ካሳፎርማ ሲነሣ ተቆጣጣሪው ሳያይ ልስን አይለሰን። ስድስተኛ፣ ጉድለት ያየ የቀን ሠራተኛ የሚናገርበት ሰው ይኑረው፤ ስለ ተናገረም ከሥራው አይባረር።

የዚያ አጥቢያ መጨረሻ

ያ አጥቢያ ሥራውን ቀጠለ። ጉልላቱን የሚሸከመው ቀለበት ላይ ሲደርስ መሐንዲሱ በቀጭን የፖሊፕሮፒሊን ክር የተጠናከረና በራሱ የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት አዘዘ። ቅልቅሉ አስቀድሞ በላቦራቶሪ ተሞከረ። በሙሊቱ ቀን ኮሚቴው ሰሌዳውን ዘርግቶ ሾጣጣውን ቆርቆሮ አስቀመጠ፤ ሰከንዱን ይቆጥሩ የነበሩት ቄሰ ገበዙ ነበሩ። የመጀመሪያው ቅልቅል ሲዘረጋ በጠርዙ ላይ የውኃ ቀለበት ታየ። ሌሊት ዘንቦ አሸዋው ረጥቦ ነበር፤ የሚገባው ውኃ ግን አልተቀነሰም። ሠራተኞቹ «ጥቂት ነው፣ ይለፍ» ሲሉ ገንዘብ ያዡ ወደ ቄሰ ገበዙ ተመለከቱ። ቄሰ ገበዙም «ከመቅደሱ በላይ የሚወጣ ነው፤ አይለፍ» አሉ። ያ ቅልቅል ለቅጥሩ መንገድ ዋለ። ውኃው ተስተካክሎ የተቦካው ሁለተኛው ፈተናውን አለፈ፤ ኪዩቦቹም ከእርሱ፣ ከኮሚቴው ፊት ተሞሉ።

የባከነው ሲሚንቶ በቃለ ጉባኤው ላይ ተመዝግቧል። የመዘገብነው ለወቀሳ ሳይሆን ለትምህርት ነው። ቀድሞ «መልካም ነው» ብለን በፈረምንበት መዝገብ ላይም በዚህ ጊዜ የፈረምነው የቀለበቱን የኪዩብ ቁጥሮችና የተሞሉበትን ሰዓት አንድ በአንድ ከጻፍን በኋላ ነው።

ለውይይት፦ በአጥቢያችሁ በመጨረሻ የተሞላው ኮንክሪት ኪዩቡ ከየት ተወሰደ? ማን አየው? ውጤቱስ የት ተቀምጧል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ መልስ ካልተገኘ፣ ሥራው ከመቀጠሉ በፊት ተቆጣጣሪ መሐንዲሳችሁን ጥሩና አብራችሁ ተመልከቱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።